የፖም ዛፉ ግጥምና የትርፊት እንሰት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእታለም ከበቡሽ፤

የአምላክ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወርጂ የሚይዝሽ ወገብሽስ ለቀቅ አደረገሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ጠንከር ብሏል ሲሉ ሰምቼ፣ ጋቢ ትደርቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በነጠላ ብቻ ነው ኪዳን የምትሄጂው እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። ጆሮሽንስ ሐኪሙ አየልሽ? ልጅሽ መልካሙ ሥራው እንዴት ነው? ምራትሽ ፀደንያስ? የልጅ ልጅሽ ሊያስ ለፈተናው እንዴት እየተዘጋጀች ነው? እኔ ለስሙ ክብር ይግባውና ደህና ነኝ። ስኳሬ አንዳንዴ ብቅ ይላል እንጂ አልጋ ላይ አልጣለኝም። ወጥ መሥራት ለምጃለሁ፤ ጨው ማብዛቴ ግን አልቀረም።

ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። በስልክ ስንገናኝ አንቺ «ይሰማል?» እኔ «ይሰማል፣ ይሰማል» ስንባባል ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። እውነቱን ልንገርሽና ሳይነገር መቅረቱም ተመችቶኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ የሰውን ሁሉ ደብዳቤ ገቢና ወጪ እያልኩ ቁጥር ስሰጥ ኖሬ፣ ለራሴ እህት አንድ ገጽ ለመጻፍ ይኸው ስንት ወር ፈጀብኝ። ጎረቤታችን ፈትሁዲን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ነገ አዲስ አበባ ይሄዳል። እዚያ ለልጄ ለዮሲ ይሰጠዋል፤ ዮሲ ደግሞ በደብረ ብርሃን መኪና ይልክልሻል። ዓይንሽ ከደከመ ፀደንያ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ሊያ እንድታነብልሽ ግን አልፈልግም፤ ምክንያቱን ስትደርሺበት ታውቂዋለሽ።

እታለም፣ ዋሽቼሻለሁ።

ባለፈው መስከረም «ከእንግዲህ ብቻህን ምን ትሠራለህ፣ የጓሮዋን ክፍል ቀለም አስቀብቼልሃለሁ፣ አልጋም ገብቷል፣ ና አብረን እናርጅ» ስትይኝ፣ «እሺ፣ ገናን ልዋልና» አልኩሽ። ገና አለፈ። «የጡረታዬ ማዛወሪያ ወረቀት አልደረሰም፣ እሱን እየጠበቅሁ ነው» አልኩሽ። ከዚያ ፋሲካን ልዋል አልኩሽ። ወረቀቱ የደረሰው ኅዳር ላይ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ በየጊዜው አውጥቼ አየዋለሁ፣ መልሼም አስቀምጠዋለሁ። መጋቢት ላይ ደግሞ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ሊያ ስልኩን አነሳችና «አባባ ወልዴ፣ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ። «ምነው ናፈቅሁሽ?» ብላት፣ ልጅ ናትና ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሳሎን ፍራሽ ላይ እንደምትተኛ፣ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ማጥናት እንደማትችል፣ የጓሮዋን ክፍል ብትጠይቅሽ «የወንድሜ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» እንዳልሻት። ያን ሰምቼም ቢሆን እውነቱን አልነገርኩሽም። «በቅርቡ ነው ልጄ» ብዬ ዘጋሁ። 

እንዳልመጣ የያዘኝ ምን እንደሆነ ብነግርሽ ትስቂ ይሆናል። አንድ እንሰት ነው።

ባለቤቴ ትርፊት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእናቷ አገር ከቸሃ አምስት የእንሰት ችግኝ በሚኒባስ ጣሪያ ጭና ያመጣች ጊዜ «ከተማ ውስጥ ይህ ምን ያደርግልናል?» ብያት ነበር። አባታችን እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ ከመንዝ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት መጥቶ አርባ ዓመት እዚህ ኖሮ፣ እኛ ቤት ቆጮ እንዳይገባ ይከለክልና ለቅሶ ቤት ሲሄድ ሁለቴ አስጨምሮ ይበላ ነበር። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ሆሳዕና ተወልጄ፣ ሆሳዕና አርጅቼ፣ ስለ እንሰት የማውቀው ሲቀርብልኝ መብላቱን ብቻ ነበር። ትርፊት ግን እየነቀለች፣ እያዛወረች፣ የበግ አዛባ ከሥሩ እያፈሰሰች አሳደገቻቸው። ሁለቱን በሕይወት ሳለች ፍቃ ቆጮ አደረገቻቸው፤ ሁለቱን ጎረቤቶች ለሙት ዓመቷ ፋቁልኝ። አንዱ ቀረ።

ይህ አንዱ ባለፈው ጥር ከመሃሉ አንድ ትልቅ ነገር አወጣ። የሙዝ አበባ ይመስላል፣ ግን የሰው ጭንቅላት ያህላል፣ ወይን ጠጅ ቀለም፣ አንገቱን ወደ መሬት የደፋ። እኔ የጤፍ አገር ሰው ልጅ ምን አውቃለሁ፣ በረከት መሰለኝ። የትርፊት ተክል አበበ ብዬ አማተብኩ። ለጽዋ ማኅበሩ ሰው ሁሉ በደስታ ስናገር፣ ከእኔ ጋር መሥሪያ ቤት የነበረው የጊምቢቹ ሰው ጠና ጽዋውን አስቀምጦ «ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ እንዲህ ደስ ያለዎት እንሰቱ ሊሞት ስለሆነ ነው?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈነዳው። ለካ እንሰት የሚያብበው በዕድሜው አንዴ ነው። ካበበ በኋላ በግንዱ ያጠራቀመው ምግብ ሁሉ ወደ አበባው ይወጣል፤ ግንዱ ባዶ ይቀራል፤ ከዚያ ይደርቃል። የዚህ አገር ሰው አበባው ብቅ ሲል፣ ወይም ገና ሳይል ይፍቀዋል። ይህን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል። ስድሳ ስድስት ዓመት ሆሳዕና የኖርኩት እኔ አላወቅሁም።

የፈትሁዲን ሚስት ሃቢባ በማግስቱ አጥሩን ተሻግራ መጣች። «ሴቶቹን ልጥራ፣ ማክሰኞ እንፋቀው» አለችኝ። ጥምቀት ይለፍ አልኳት። ጥምቀት ሲያልፍ መጣች፤ ጾም ሊገባ ነው አልኳት። «ቆጮ ደግሞ የጾም ምግብ አይደል እንዴ? እኔ እስላሟ ልንገርዎት?» አለች። ጾሙ ይውጣ አልኳት። «ጋሽ ወልዴ፣ የሚጾሙት እርስዎ፣ እንሰቱ መቼ ይጾማል? በየቀኑ ግንዱን እየበላ ነው» ብላኝ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ለእሷ ጾም፣ ለአንቺ የጡረታ ወረቀት። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ «ፈቃድህ ይሁን» እላለሁ፤ ግን ራሴን ስመረምረው፣ አለቃ ፊት ተዘጋጅቶ እንደሚቀርብ ደብዳቤ፣ እኔ የወሰንኩትን እሱ ማኅተም ብቻ እንዲያደርግበት ነበር የማቀርበው።

አሁን ወደ ግጥሙ ልምጣ። ያለ እሱ ይህን ደብዳቤ የምጽፍ አይመስለኝም።

የፊት ለፊቷን ክፍል የተከራየችኝ ማርያማዊት የምትባል የዱራሜ ልጅ ናት። ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ይዞን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ብዙ ወረቀት ዘርግታ ራሷን ስትይዝ አይቼ ምን ሆንሽ አልኳት። ስለ አንድ ግጥም መጻፍ አለባት። ግጥሙ ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ትዝታና ስለ ማርጀት ምን እንደሚል አብራርታ ለመምህሯ መላክ ነው። «ጋሼ፣ ስለ ዛፉ ገብቶኛል፣ ስለ ትዝታውም እንደ ነገሩ፤ ማርጀቱን ግን ከየት ላምጣው?» አለችኝ። እኔም «ለእሱ እንኳ እኔ አለሁልሽ» አልኳት።

የገጣሚውን ስም ነግራኝ ነበር፣ ምላሴ አልያዘውም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ሲበዛ፣ ሰው እርሻውን እየተወ ወደ ከተማ ሲጎርፍ፣ አንዳንድ ገጣሚዎች ፊታቸውን ወደ ዛፍና ወደ ወንዝ አዞሩ አለችኝ። ሮማንቲክ የሚሏቸው እነሱን ነው። እኔ ስሙን ስሰማ የፍቅረኞች ግጥም መስሎኝ አቀርቅሬ ነበር፤ እሷም ገብቷት «አይፍሩ ጋሼ፣ ሴት የለችበትም፣ ዛፍ ብቻ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፤ እኔ ደግሞ ቃል ሲያጥራት አቀብላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ በአያቱ ግቢ ባለ የፖም ዛፍ ላይ ይወጣል። ከጫፉ ሲደርስ ከጣሪያዎቹ ባሻገር ባሕር ይታየዋል፤ ከሥር ሆኖ ግን አይታይም። በየቀኑ እየወጣ ባሕሩን ያያል። ከዚያ ያድጋል፣ ይሄዳል፣ ብዙ ይኖራል፣ ሸምግሎ ይመለሳል። ዛፉ እዚያው ቆሟል። እዚህ ላይ ገጣሚው «አረጀሁ» አይልም። «ዛፉ ረዝሞብኛል» ነው የሚለው። ማርያማዊት «ይኼ ምን ማለት ነው? ያረጀ ዛፍ አይረዝምም እኮ» አለችኝ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። የአውቶቡስ መወጣጫ ከፍ ያለብኝ እኮ ስንት ዓመቱ ነው። እንዲህ አድርገው የሚሠሩት አዲስ ሞዴል ሆኖ ነው እያልኩ ሾፌሮችን ስወቅስ ኖሬያለሁ።

ሽማግሌው መውጣት አቅቶት ከሥር ይቀመጣል። ሲቀመጥ ዛፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየዋል። ልጅ ሳለ ዛፉ ወደ ባሕሩ መወጣጫው ብቻ ነበር፤ ቅርፊቱን፣ ሽበቱን፣ በስንጥቁ የሚመላለሰውን ጉንዳን አላየም ነበር።  ትርፊት በሕይወት ሳለች ስንቴ በዚያ እንሰት አጠገብ አልፌ ወደ ሥራ ሄጃለሁ። አሁን የትኛው ቅጠሉ በየትኛው ንፋስ እንደተሰነጠቀ አውቃለሁ። እሷንም እንደዚያው ነው፣ እታለም። ስትሠራ ከንፈሯን ወደ አንድ በኩል ታደርግ እንደነበር የተገለጠልኝ ከሞተች በኋላ ነው። በሕይወት ሳለች ፊቷን እያየሁ ስለ ሌላ ነገር ነበር የማስበው፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤት።

ማርያማዊት መጽሐፉ የሚለውን ነገረችኝ። ተፈጥሮ ሰውን ታጽናናለች፣ ትዝታ የጠፋውን ትመልሳለች፣ ሰው ሲያረጅ የሚያጣውን በማስተዋል ይካሳል ይላል። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። «ዛፉ የት ላይ ነው ያጽናናው? አላዘነለትም፣ አላስታወሰውም፣ ጎንበስ ብሎም አልተቀበለው። ዝም ብሎ ዛፍ ሆኖ ቆመ። ምናልባት ደግነቱ እሱ ይሆናል፤ ሰው ቢሆን ኖሮ ከንፈሩን ይመጥለት ነበር» አልኳት። ትዝታውም ቢሆን ባሕሩን አልመለሰለትም፤ አንድ ቦታ ላይ እሱ ራሱ ይጠራጠራል። ያ የሚያስታውሰው ሰማያዊ መስመር ባሕር ነበር ወይስ ጭጋግ? አሁን የሚያየው ባሕሩን ነው ወይስ ስለ ባሕሩ ብዙ ጊዜ ያወራውን ወሬ? «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ባሕር አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ መሃል ላይ። አንዴ ለስብሰባ ሐዋሳ ሄጄ ሐይቁን በመስኮት አይቻለሁ አልኳት።

ያንጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከቤታችን ጀርባ የነበረው ዝግባ። አንቺ ቀሚስሽን ቋጥረሽ ጫፉ ድረስ ትወጪና «አምበሪቾ ታየኝ! ጫፉ ላይ ደመና ተቀምጧል» እያልሽ ትነግሪኝ ነበር። እኔ ትንሽ ነበርኩና ከሥር ቆሜ አባባ እንዳይመጣ እጠብቅልሻለሁ። አንድ ቀን ስጠብቅ እንቅልፍ ወስዶኝ በእኔ ጥፋት ተገረፍሽ። ተራራውን ካደግሁ በኋላ በመኪና ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ የእኔ አምበሪቾ ግን እስከ ዛሬ አንቺ ያየሽው ነው። ሰው ራሱ ያላየውንም ያስታውሳል ማለት ነው። ይህን ለማርያማዊት ብነግራት ጻፈችው፤ ቆይታ ግን «ይህንን ብልክ መምህሩ ምንጩ የት ነው ይለኛል» ብላ ሰረዘችው።

የግጥሙ መጨረሻ ነው የያዘኝ። ሽማግሌው ያን ዛፍ ከአያቱ ወርሷል፤ ግን ከተመለሰ ጀምሮ ከፍሬው አልቀመሰም። የልጅነቱ ዛፍ ነዋ። በየዓመቱ ፖሙ ይረግፋል፣ ከሥሩ ይበሰብሳል፣ ተርብ ይወርረዋል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ባሕሩን ያስባል። የመጨረሻዎቹን መስመሮች እኔና ማርያማዊት ሁለት ቀን ፈጅቶብን እንዲህ አድርገን መለስናቸው፤

ጎንበስ ብዬ አነሣሁ ከወደቀው አንዱን፣
በካራ አወጣሁ ትሉ ያለበትን፣
የቀረውን በላሁ፤ ጣፋጭ ነው አሁንም፣
እንደ ልጅነቴ እንደዚያ ግን አይደለም፣
እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ያኔ የነበርኩት አይደለሁም።

የመጨረሻው ስንኝ እንደረዘመ አውቃለሁ፤ ማሳጠር አቃተን። ማርያማዊት «ይኼን ሁሉ አስቦ አስቦ በመጨረሻ በላው ማለት ነው?» አለች። አዎ፣ በላው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በጓሮ በኩል ገብቼ እንሰቱን አየሁት። ቅጠሎቹ ከዳር እየደረቁ ነበር። ትርፊት ያን ተክል የተከለችው ሰው እንዲበላው ነው። እኔ እሱን ጠብቄ እሷን ያቆየሁ መስሎኝ፣ የደከመችበትን ምግብ ለአበባ እያስበላሁት ነበር። ይህን ኃጢአት ልበለው ስንፍና አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ አጥሩ ጋ ሄጄ ሃቢባን ጠራኋትና «ሴቶቹን ጥሪያቸው» አልኳት። «ፍልሰታ ይለፍ አይሉም?» አለችኝ። ስድቡ ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

ግንቦት አሥራ ሦስት ረቡዕ ጠዋት አምስት ሴቶች የቀርከሃ መፋቂያቸውን ይዘው መጡ። እንደምታውቂው እንሰት ሲፋቅ ወንድ በዚያ አይገኝም፤ ሃቢባ «ጋሽ ወልዴ፣ በሉ ወደ ከተማ» ብላ በሩን አሳየችኝ። የት ልሂድ? መናኸሪያ ሄጄ አንዱ ትንሽ ሻይ ቤት ገባሁ። ጀርባዬን ለቤቴ ሰጥቼ እዚያ ተቀመጥኩ። በዚያች ሰዓት ሲጥሉት፣ ሲሰነጥቁት በልቤ ይሰማኝ ነበር። ፊት ለፊቴ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሰው ይጭናል። አንዱ ተራ አስከባሪ «አዲስ አበባ አንድ ሰው! ፋዘር ይግቡ፣ የቀረው የእርስዎ ወንበር ነው» ይለኛል። አልሄድም እለዋለሁ። አውቶቡሱ ይሞላል፣ ሌላው ይመጣል፣ እሱም ተመልሶ «ፋዘር፣ የቀረው የእርስዎ ወንበር ነው» ይለኛል። ሦስተኛው ላይ ገረመውና «ሰው እየሸኙ ነው ወይስ ራስዎን?» አለኝ። ሻይ ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ኋላ ግን ሳቄ አለቀና ነገሩን አሰብኩት። ያሰረኝ እንሰት በዚያች ሰዓት እየተፋቀ ነው። ወረቀቱ ከመሳቢያ አለ። መኪናው ከፊቴ ቆሟል። ከእንግዲህ ምን ቀረ? እግሬን ጠየቅሁት፣ ልቤን ጠየቅሁት። አልፈልግም አለኝ። ያለ ምንም ምክንያት፣ ያለ እንሰት፣ ያለ ጾም፣ ያለ ጡረታ ወረቀት፣ እንዲሁ አልፈልግም። ወራት ሙሉ ከእንሰቱ ጀርባ ተደብቄ የነበርኩት ይህችን አንዲት ቃል ላለመናገር ነው። ለአንቺ እምቢ ብዬሽ አላውቅማ። እናታችን ከሞተች በኋላ የእኔን ልብስ ያጠብሽው፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ። ለአንቺ እምቢ ማለት ለእሷ እምቢ ማለት ሆኖብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሴቶቹ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተጠቅልሎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ቃጫው አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሃቢባ አልማረችኝም፤ «ግማሹን አበባው ወስዶታል፤ በጥር ቢሆን ሁለት ጉድጓድ ይሞላ ነበር፣ ይኸው አንድ እንኳ አልሞላም። ትርፊት ብታይ በዱላ ነበር የምትልዎት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ቀቅለው አቀረቡልኝ፤ ጠጠር ብሏል፣ ጣዕሙም እንደ ድሮው አይደለም። ሁሉንም በላሁት። ቁራሹን ለማርያማዊት ብሰጣት «ግጥሙ ውስጥ ቢያንስ ፖም ነበር» አለችና እሷም በላች።

እንግዲህ እታለም፣ የምነግርሽ ይህን ነው። ደብረ ብርሃን ለመኖር አልመጣም። ስለማልወድሽ እንዳይመስልሽ። ጠዋት በሬን ስከፍት ፈትሁዲን ከሱቁ «ጋሽ ወልዴ፣ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን የምቆምበት ዓምድ አለ፤ ስቀር ይታወቃል። ትርፊት ያረፈችው እዚሁ ነው። እነዚህ ትልቅ ነገሮች አይደሉም፤ ለፍርድ ቢቀርቡ የሚያስፈርዱልኝም አይመስለኝም። ግን የቀረኝን ዕድሜ በእነሱ መኖር እፈልጋለሁ። ይህን ስታነቢ ታዝኛለሽ፣ ምናልባትም ትቆጫለሽ። ተቆጪ፤ ቁጣሽ ይገባኛል። ስልክ ደውለሽ ብትሰድቢኝ ይሰማል፣ ይሰማል እያልኩ አዳምጥሻለሁ። ስላስጠበቅሁሽ ግን ስለ እመቤታችን ብለሽ ይቅር በይኝ።

ነሐሴ አንድ ከመግባቱ በፊት እመጣለሁ። ወረቀትም፣ በዓልም፣ ምንም አልጠብቅም። ያን ጊዜ ቆጮው ይደርሳል፤ ይዤልሽ እመጣና ፍልሰታን ሁለቱን ሱባኤ አብረን እንጾማለን፤ ከዚያ እመለሳለሁ። እስከዚያ የጓሮዋን ክፍል ዘግተሽ አታስቀምጪብኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ቁልፉን ለሊያ ስጪያት። ፈተናዋ ደርሷል፤ ጠረጴዛዋን መስኮቱ ጋ ታድርግ፣ አልጋውም የእሷ ይሁን። ስመጣም እንዳታስለቅቂያት። ሳሎን ያለውን ፍራሽ ለእኔ አንጥፊልኝ፤ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ።

ለመልካሙ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ቁልፉን አልሰጥም ካልሽ እሱ ከአንቺ ተቀብሎ እንዲሰጣት አዝዤዋለሁ። ለፀደንያ፣ አንብባልሽ ከሆነ ድምፅዋ እንዳይደክም ውኃ ትጠጣ፤ ስለ ትዕግሥቷ አመሰግናታለሁ። ለሊያ፣ አባባ ወልዴ «በቅርቡ» ያለሽ ውሸት ነበር፣ ይቅርታ ጠይቋል በይልኝ፤ አምላክ ያነበበችውን ይግለጥላት። ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ብርነሽ፣ ነጠላ ብቻ ለብሰሽ ስትወጪ እንድትመልስሽ አደራ ብያታለሁ። ዮሲ ከአዲስ አበባ፣ ሃቢባና ፈትሁዲን ከአጥሩ ማዶ፣ ማርያማዊትም ከፊት ለፊቷ ክፍል ሰላም ብለውሻል። የማርያማዊት ጽሑፍ ትናንት ተልኳል፤ ስለ ማርጀት የሚለው ገጽ ላይ ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም።

ደህና ሁኚልኝ፣ እህቴ።

ወንድምሽ ወልደ ሰንበት
ሆሳዕና፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.